ካምቢዮና የቡና ሚዛን

(በዲላ ለጋራዥ ባለሙያዎች፣ ለሾፌሮችና ለቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች የተሰናዳ ዲስኩር)



በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ የተጓዘ ሰው አሁን የምናገረውን በዓይኑ አይቶታል። ቀን የተለቀመው እሸት ቡና ማታውኑ ማጠቢያው ደጃፍ መድረስ አለበት። ካደረ ይቦካል፤ አንዴ ከቦካ ደግሞ ይርጋጨፌ የሚለው ስም ብቻውን አያድነውም። ስለዚህ አይሱዙው ጆንያ በጆንያ ላይ ተደርቦበት፣ ጭቃውን እየማሰ፣ ዳገቱን ይያያዘዋል። ሾፌሩ ከ3ኛ ወደ 2ኛ ሊመልስ ሲል አንድ ድምፅ ይሰማል። እዚህ ለተቀመጣችሁት ድምፁን ማስመሰል አያስፈልገኝም። መኪናው ይቆማል፤ ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባል፤ ሾፌሩ ስልኩን ያወጣል። የሚደውለው ለእናንተ ነው።

የዛሬው ንግግሬ ከዚያ ስልክ በኋላ ስለሚሆነው ነው። ካምቢዮ ሲወርድ፣ ሲፈታና ሲገጠም በእጃችን ምን ሊኖር ይገባል? አቋሜን አስቀድሜ ልናገርና ከዚያ በኋላ ብትከራከሩኝ ደስ ይለኛል፦ ከተማችን ውስጥ ካምቢዮ የሚፈታ መሣሪያ ሞልቷል፤ የጎደለን ካምቢዮ የሚገጥም መሣሪያ ነው። "የፈታው ቁልፍ አይገጥመውም ወይ?" የሚለኝ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ።

በመጀመሪያ ስለ ቃላቱ ጥቂት ልጫወት። በአምስቱ ዓመት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ጣሊያን የፊያትና የላንቺያ ካሚዮኖቹን በየመንገዱ ሲያመላልስ፣ ከአጠገቡ ሆነው መኪና የሚጠግኑ ያገራችን ልጆች ሥራውን ከነቃሉ ተቀበሉ። ጣሊያን ሄደ፤ ቃሉ ጋራዥ ውስጥ ቀረ። ዛሬ አንድ ሙሉ የጣሊያንኛ ዓረፍተ ነገር የማይችል የዲላ ልጅ ከጧት እስከ ማታ ጣሊያንኛ ሲያወራ ይውላል። ካምቢዮ ማለት ለውጥ ነው። ካቻቢቴ የሁለት ቃል ጥምር ነው፤ "ብሎን አባራሪ" እንደ ማለት። ማርሽ ርምጃ፣ ጉዞ ነው፤ ለዚያም ነው ለሰልፍ ሙዚቃ ከምንለው ማርሽ ጋር በስም የተገናኘው። ኩሽኔታ ደግሞ ትንሽ ትራስ ማለት ነው። ይህችን ትራስ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አንድ ቃል ግን ሳልል አላልፍም። ፎሌ። በጣሊያንኛ ፎሌ እብድ ማለት ነው። ከቡሌ ወደ ዲላ ቁልቁለቱን "ነዳጅ ልቆጥብ" ብሎ በፎሌ የሚለቀቅ ሾፌር ስሙን በትክክል አግኝቶታል። የጌዴኦ ዞናችን ከፍተኛ ቦታዎች 3,000 ሜትር ይጠጋሉ፤ ዲላ ደግሞ 1,570 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። ያን ሁሉ ቁልቁለት በፎሌ ሲወርድ ሞተሩ መኪናውን መያዙን ይተዋል፤ ሸክሙ በሙሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ይህን ትራፊክ ፖሊስም ይነግራችኋል። ትራፊክ ፖሊስ የማይነግራችሁን እኔ ልንገራችሁ፦ በፎሌ ሲወረድ የካምቢዮው መውጫ ዘንግ በጎማው ፍጥነት ይበርራል፤ ከሥር ሆኖ ቫልቮሊናውን ወደ ላይ የሚረጨው ዘንግ ግን የሚዞረው በሞተሩ የሥራ ፈት ፍጥነት ብቻ ነው። የላይኛው ይሮጣል፤ ዘይት አቅራቢው ያዘግማል። ከዚያ ታች ሲደርስ ሾፌሩ ማርሽ ሊያስገባ ሲታገል፣ የሁለቱን ፍጥነት የማስታረቁ ዕዳ በአንድ ቀጭን የናስ ቀለበት ላይ ይወድቃል። ወደ እኛ ጋራዥ የሚመጣው ካምቢዮ ብዙውን ጊዜ የተሰበረው ዳገት ላይ አይደለም። ዳገቱ ላይ ተናዘዘ እንጂ የሞተው ቁልቁለቱ ላይ ነው።

እንግዲህ መኪናው ተጎትቶ መጣ እንበል። የእኛ የመጀመሪያ ስሕተት ወዲያው ከሥሩ መግባታችን ነው። "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" የሚባለው ለዚህ ነው፤ መፈታት የሌለበት ካምቢዮ ሲፈታ ስንቴ አይተናል! ድምፁ መኪናው በፎሌ ሲቆም ይሰማና ፍሪሲዮን ሲረገጥ ይጠፋል? እንግዲያው የውስጥ ኩሽኔታ ነው፤ ወደ መፈታት ያመራል። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ነው የሚጮኸው? ያ የፍሪሲዮኑ መግፊያ ኩሽኔታ ነው፤ ካምቢዮው ይወርዳል እንጂ አይከፈትም። ሁሉም ማርሽ፣ የኋላው ጭምር፣ እየተንጫረረ ነው የሚገባው? ፍሪሲዮኑ በሚገባ እየለቀቀ አይደለም፤ የፍሪሲዮኑን ዘይትና ፓምፕ ሳታዩ ካምቢዮ አትውቀሱ። አንድ ማርሽ ብቻ ነው የሚንጫረረው? አሁን ወደ ናስ ቀለበቱ ተቃርበናል። ይህ ሁሉ ምርመራ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም፤ አምስት ደቂቃ ጸጥታ ይጠይቃል። በጋራዣችን እርሱም ውድ ነው።

ቀጥሎ ቫልቮሊናውን ማውረድ። እዚህ ላይ ለሠልጣኞቹ አንድ ነገር ደጋግሜ እነግራለሁ፦ ከማውረጃው በፊት የመሙያውን ታፓ ፍቱ። ዘይቱን ካፈሰሳችሁ በኋላ የመሙያው ታፓ አልፈታ ቢልና ራሱ ቢላላጥ፣ ባዶ ካምቢዮ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። በብዙ ቶዮታዎች ሁለቱም ታፓዎች የ24 ቁልፍ ይፈልጋሉ። ከወረደው ዘይት ላይ ጥቂቱን በነጭ ሳህን አድርጉና ወደ ፀሐይ ያዙት። ወርቃማ ብናኝ ካብለጨለጨ የናስ ቀለበቶቹ እየተበሉ ነው። ከታፓው ማግኔት ላይ ጥቁር ጭቃ መሳይ ነገር መገኘቱ የተለመደ እርጅና ነው፤ አያስደነግጥም። በጣት የሚለይ የብረት ፍንካች ከተገኘ ግን ባለንብረቱን ጥሩና ሳህኑን አሳዩት። ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ መነጋገር ይቀላል፤ ይህን ከልምድ ነው የምናገረው።

ካምቢዮው መውረድ አለበት ከተባለ፣ እባካችሁ ስለ ደረት እንነጋገር። በየጋራዡ ረዳቱ በጀርባው ይተኛል፤ አለቃው የመጨረሻውን ብሎን ይፈታል፤ ካምቢዮው የረዳቱ ደረት ላይ ያርፋል። የፒካፕ ካምቢዮ ሲሆን ልጁ ይስቃል፤ የአይሱዙ ሲሆን ሳቁ ይቆማል። የሲኖትራክ ካምቢዮ 3 ኩንታል የሚጠጋ ወይም የሚያልፍ ነው፤ እርሱን የሚሸከም ደረት እግዚአብሔር አልፈጠረም። ባለ ጎማ የካምቢዮ ክሪክ ውድ ነው ካላችሁ፣ ከአንድ ተራ ክሪክ፣ ከላሜራና ከሰንሰለት ብየዳ ቤት ውስጥ በአንድ ቀን ይሠራል። መኪናው ደግሞ በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ከሥሩ አይገባም፤ የብረት መደገፊያ ይቁምለት። ድንጋይ መደገፊያ አይደለም፤ ጡብማ በፍጹም አይደለም።

ሲወርድም ሆነ ሲመለስ ሁለት ረጃጅም ብሎኖች ራሳቸው ተቆርጦ ከሞተሩ ጎን፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ ይታሰሩ። ካምቢዮው በእነዚያ ላይ እየተንሸራተተ ይወጣል፤ ይገባል። ይህ ካልተደረገ ክብደቱ በሙሉ በመግቢያው ዘንግ ጫፍ በፍሪሲዮኑ ዲስክ ላይ ይንጠለጠላል፤ ዲስኩም ይጣመማል። አዲስ ዲስክ ገጥማችሁ መኪናው ሲነሣ የሚንቀጠቀጥባችሁ ከዚህ ሊሆን ይችላል። ዲስኩን መሐል ላይ የሚያስተካክለውን ዘንግ ደግሞ ገበያ አትፈልጉት፤ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ የመጣ የተሰበረ ካምቢዮ ያለው ሁሉ የድሮ መግቢያ ዘንግ አለው። ጫፉን ቆርጦ ማስቀመጥ ነው።

ስለ ቁልፍ አንድ ነገር ልበልና ወደ ውስጥ እንግባ። እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው አምቼ ይገጣጥማቸው የነበሩ ፊያቶች ያሳደጉን ባለሙያዎች ሳጥናችን ውስጥ 13 እና 17 ቁልፍ ያረጃል። ቶዮታና አይሱዙ ሲመጣ ግን ለዚያው ብሎን ጃፓኖቹ ትንሽ ራስ ሰጡት፦ አውሮፓዊው 13 በሚፈልግበት 12፣ 17 በሚፈልግበት 14፣ 19 በሚፈልግበት 17። ለ12 ራስ 13 ቁልፍ ብናስገባ ይገባል፤ አንዴ ያዞራልም። በሁለተኛው ግን ራሱን ይልጠዋል። በከተማችን ካየኋቸው ክብ ከሆኑ የብሎን ራሶች እኩሌታው የዚህ የታሪክ ሽግግር ሰለባ ይመስለኛል። ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ ግዙ፤ ባለ አሥራ ሁለት ማዕዘኑ ለጠበቀና ለዛገ ብሎን አይሆንም።

አሁን ካምቢዮው ጠረጴዛ ላይ ነው። ከመከፈቱ በፊት ይታጠብ። ከይርጋጨፌ ጭቃ ጋር የተከፈተ ካምቢዮ ከይርጋጨፌ ጭቃ ጋር ይዘጋል። ናፍጣና ብሩሽ ይበቃል። ታጥበው የወጡ ኩሽኔታዎችን ግን በኮምፕረሰር አየር እያስጮኻችሁ አታሽከርክሩ፤ ልጆች ይወዱታል፤ ዘይት በሌለበት መሽከርከር ግን ያፋጀዋል፤ ሲብስም ፈንድቶ ዓይን ያጠፋል።

ክዳኑ ሲነሣ በማርሽ መምረጫ ዘንጎቹ ላይ በስፕሪንግ የሚገፉ ትንንሽ የብረት ኳሶች አሉ። ማርሹ "ጠቅ" ብሎ እንዲቀመጥ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ጨርቅ ሳይያዝላቸው ዘንጉ ከተሳበ ኳሷ ትተኮስና ከጠረጴዛ ሥር ትገባለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው። በዘንጎቹ መካከል ደግሞ ተንሸራታች ትንንሽ ስፒናዎች ይገኛሉ፤ ሥራቸው ሁለት ማርሽ በአንድ ጊዜ እንዳይገባ መከልከል ነው። አንዷ ተረስታ የተገጠመ ካምቢዮ አንድ ቀን ሁለት ማርሽ ይይዝና ዘንጉን ይቆልፋል፤ መኪናው ቀጥ ይላል። ይህ ሲሆን ቁልቁለት ላይ አለመሆኑን መለመን ነው።

ማርሽ የሚያስገቡትን ሹካዎች ከዘንጋቸው ጋር የያዘውን ስፒና ለማውጣት ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ከስፒናው በጥቂቱ የቀጠነ መምቻ ያስፈልጋል፤ ሚስማር አይሆንም፤ ውስጥ ገብቶ ይቀረቀራል። የመያዣ ቀለበቶቹን ለማውጣትም ሁለት ዓይነት የቀለበት ፒንሳ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲጨበጥ የሚከፍት፣ ሌላው ሲጨበጥ የሚዘጋ። በሁለት ካቻቢቴ ቀለበት የሚያወጣ ባለሙያ ጎበዝ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም አወጣ ነበር። ቀለበቱ ግን ከተጣመመ በኋላ ቦታው ተመልሶ ቢቀመጥም አይታመንም፤ በእርሱም ሰበብ ካምቢዮው ይመለሳል።

የወጡትን ማርሾች በቅደም ተከተል በሽቦ ሰክቶ ማንጠልጠል የቆየ ዘዴያችን ነው፤ ከእርሱ የሚበልጥ አላየሁም። አቅጣጫቸውን ሳትለውጡ ሰኩ። ስልካችሁም በኪሳችሁ አለ፤ በየደረጃው ፎቶ አንሡ።

እስካሁን የቆጠርኩት ሁሉ፣ ከሞላ ጎደል፣ የሚገኝ ወይም የሚሠራ መሣሪያ ነው። መፍታት እዚህ ላይ ያበቃል። አሁን ወደ ትራሷ ልመለስ።

ገና ረዳት ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠራው ጋራዥ፣ አንድ የጭነት መኪና ካምቢዮ ገጥመን ነበር። አለቃዬ "አንተ ልጅ፣ ያቺን ኩሽኔታ አስገባት" አለኝና ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ፕሬስ አልነበረንም። ኩሽኔታዋ አዲስ ናት፤ ከካርቶኑ ስትወጣ እንደ መስተዋት ታበራለች። ዘንጉን ሞርሳ ላይ አሰርኩ፤ ኩሽኔታዋን አስቀመጥኩ፤ በመዶሻ የውጭ ቀለበቷን ዙሪያውን እየመታሁ አስገባኋት። ገባች። በእጄ ሳዞራት ዞረች። አለቃዬ መጥቶ አየና "ጎበዝ" አለኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ዛሬም አስታውሳለሁ።

መኪናው በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ። ስንፈታው ያቺ ኩሽኔታ ውስጧ ኳሶቹ በቆሙበት ልክ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኖ ነበር። ምን አደረግሁ? ኩሽኔታዋ የምትጠብቀው በዘንጉ ላይ፣ በውስጥ ቀለበቷ ነው። እኔ የመታሁት የውጭውን ነው። እያንዳንዱ ምት ከውጭ ቀለበት ወደ ውስጥ ቀለበት የተሻገረው በኳሶቹ አማካይነት ነው። አዲስ ትራስ ላይ ጥፍር አኑሬ ለደንበኛ ሸጥኩ ማለት ነው። የመኪናው ባለቤት ሁለተኛ ከፈለ፤ አለቃዬም "ኩሽኔታው ፎርጅድ ነበር" ብሎ አሰናበተው። እኔ ዝም አልኩ። እውነቱን ስናገር ያኔ ምክንያቱን እኔም አላውቀውም ነበር።

ደንቡ ይህ ነው፦ የሚጠብቀውን ቀለበት ግፋ። በዘንግ ላይ ስትገባ የውስጡን፣ በሳጥኑ ውስጥ ስትገባ የውጩን። ለዚህ ልኩ የሆነ የቧንቧ ቁራጭ ያስፈልጋል፤ ቶርኖ ቤት ሄዶ በየልኩ ማስቆረጥ ነው። መምታት ግድ ከሆነም መዶሻው የናስ ይሁን፤ ናስ ከጠነከረው ብረት ስለሚለሰልስ ራሱ ይጎዳል እንጂ ቀለበቱን አይጎዳም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ፕሬስ ነው። ባለ 20 ቶን ክሪክ በጠንካራ የብረት ማዕቀፍ ውስጥ ተበይዶ የሚሠራ ፕሬስ በየከተማው አይቻለሁ፤ ብየዳው ከታመነ ሥራውን ይሠራል። ከፊቱ ግን መነጽር ሳይደረግ አይቆምም። ፕሬስ እስኪገኝ ደግሞ ንጹሕ ዘይት በመጥበሻ አሙቃችሁ ኩሽኔታዋን ወደ 100 ዲግሪ ብታደርሷት በራሷ ትገባለች። ከ120 አታሳልፏት፤ ብረቷ ይለሰልሳል። ምጣድ ላይ አድርጎ በነበልባል መለብለብ ግን ማሞቅ አይባልም፤ መጥበስ ነው።

ለማውጣትም እንዲሁ። ከባሌስትራ ተቆርጦ የተሠራ ባለ ሁለት እግር መንቀያ በብዙ ጋራዥ አለ፤ ሠሪዎቹን አደንቃለሁ። የሚይዘው ግን የውጩን ቀለበት ስለሆነ፣ መልሳችሁ የምትጠቀሙባትን ኩሽኔታ በእርሱ አታውጡ። ከኋላዋ የሚገባ፣ ለሁለት የሚከፈል የብረት ሳህን ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ናስ ቀለበቱ፣ ወደ ሲንክሮው ልምጣ። ከእርሱ በፊት ሾፌር ማርሽ የሚለውጠው ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ እየረገጠ፣ ጆሮውን ሞተሩ ላይ ጥሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 ካዲላክ ይህን ሲንክሮ ለገበያ ባቀረበው መኪና ላይ ካወጣው ወዲህ የሾፌሩ ጆሮ ሥራ ወደዚች ቀለበት ተላለፈ። ማርሹ ላይ ያለውን ሾጣጣ ብረት ይዛ ታሻሽና ፍጥነቱን ታስተካክላለች፤ እስኪስተካከል ድረስ በሩን ትዘጋለች። ስታረጅ ሾጣጣው ላይ ጠልቃ ትገባለች፤ በሩን መዝጋት ያቅታታል፤ መንጫረር ይጀምራል።

ማርጀቷን በዓይን አትለዩትም። ቀለበቷን በማርሹ ሾጣጣ ላይ በእጅ ግፊት አስቀምጡና በቀለበቷ ጥርስና በማርሹ ጥርስ መካከል ያለውን ክፍተት በባለ ብዙ ቅጠሉ መለኪያ ዙሪያውን ለኩ። አዲስ ስትሆን ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ትሰጣለች። በብዙ የቶዮታ መመሪያዎች ከ0.8 ወይም ከ0.6 በታች ስትወርድ ትጣላለች፤ ትክክለኛው ቁጥር የዚያው ካምቢዮ መመሪያ ላይ ያለው ነው። የሹካውና የተንሸራታቹ ክፍተት ደግሞ በብዙዎቹ ከ1 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። ከዚያ ካለፈ ማርሹ ይፈናጠራል፤ ያው ሾፌሩ ዳገት መሐል "ፎሌ ሆነብኝ" የሚለው ነው። የመያዣ ቀለበቶቹ እንኳ በ0.05 ሚሊ ሜትር ልዩነት በየውፍረታቸው ይመረጣሉ፤ ይህ ከሰው ጠጉር የሚቀጥን ልዩነት ነው። ለዚህ ባለ ሰዓት መለኪያና ካሊብሮ ያስፈልጋል።

እስኪ ከልባችን እንናገር። ከእኛ ስንቶቻችን ነን ያን ቅጠል መለኪያ ለካምቢዮ የተጠቀምንበት? ለቫልቭ እንጠቀምበታለን፤ ካምቢዮ ጋ ሲደርስ "ደህና ናት" ብለን በአውራ ጣት ዳብሰን እንመልሳታለን። ወይም ደግሞ ሁሉንም አዲስ እናስገዛለን። ሁለቱም ከአለመለካት የመጡ ናቸው፤ አንዱ መኪናውን ይመልሳል፤ ሌላው የደንበኛውን ኪስ ያራቁታል።

ማጥበቅም መለካት ነው። የቶዮታው ማውረጃ ታፓ 37 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይፈልጋል። ባለ ልክ መፍቻ፣ ቶርክ የምንለው፣ ካለ ጥሩ። ከሌለ አንድ ነገር ላስተምራችሁ፤ ለዲላ ሰው ከዚህ የሚቀል የለም። ቡና የምንመዝንበት መንጠቆ ሚዛን አለን አይደል? ቁልፉን ብሎኑ ላይ አግቡ፤ ከብሎኑ መሐል 25 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ ሚዛኑን እዚያ አንጠልጥሉ፤ ከቁልፉ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እንደያዛችሁ ሳቡ። ሚዛኑ 15 ኪሎ ሲያነብ 37 ኒውተን ሜትር ደርሳችኋል። እርዝመቱን 50 ሴንቲ ብታደርጉት በዚያው 15 ኪሎ እጥፉን ታገኛላችሁ፤ ይህም ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር ለሚያስሩት የብዙ ቶዮታ ብሎኖች ከሚጠየቀው 72 ብዙ አይርቅም። ሚዛኑ የታመነ ይሁን እንጂ ዘዴው አይዋሽም።

የሳጥኑ አካል ባብዛኛው አሉሚኒየም ነው። በካቻቢቴ እየፈለቀቁ የከፈቱት ፊት ጓርኒሲዮን ቢደረግለትም ሲሊኮን ቢለበጥለትም ያልባል። መርፌ ኩሽኔታዎቹን በቦታቸው ለማቆየት ቫዝሊን ይበቃል፤ ዘይቱ ያሟሟዋል። ፓራዮሊዮ ሁልጊዜ አዲስ ነው፤ አሮጌ ፓራዮሊዮ መመለስ ቁጠባ አይባልም። ዘይቱን በተመለከተ፣ "ወፍራም ከሆነ ሁሉም ቫልቮሊና ነው" የሚለውን ተዉት። ጣሳው ላይ ጂ.ኤል 4 እና ጂ.ኤል 5 የሚል አለ። ሁለተኛው ለዲፈረንሻል የተሻለ ነው፤ ውስጡ ያለው የሰልፈር ቅመም ግን ናሱን ሊበላ ይችላል። ሲንክሮ ያለው ካምቢዮ መመሪያው ጂ.ኤል 4 ካለ፣ 4 ይደረግለት።

ወደ መኪናው ከመመለሱ በፊት ጠረጴዛው ላይ አስገቡትና በእጅ አዙሩት። እያንዳንዱን ማርሽ አስገቡ። በአይሱዙው በ1ኛ መግቢያው 5 ጊዜ ገደማ ሲዞር መውጫው አንዴ ይዞራል፤ ቀጥታው ማርሽ ላይ እኩል ይዞራሉ። ካልሆነ ስሕተቱ አሁን ይገኝ፤ ነገ ዳገቱ ላይ አይገኝ። ባጃጅ ያላችሁ እንዳትቀየሙኝ፤ የእናንተ ካምቢዮ ከሞተሩ ጋር በአንድ ዘይት ስለሚኖር የራሱ ጣጣ አለው፤ ለሌላ ቀን ይቆየን።

አንድ ነገር ሲያስገርመኝ ይኖራል። ይህ አካባቢ የልክ አገር ነው። ከከተማችን የቡና መመርመሪያ ብትገቡ መርማሪዎቹ ቡናውን ከ100 ነጥብ ያርሙታል፤ 40ው ለጥሬው፣ 60ው ለስኒው። የእርጥበቱ መጠን በመሣሪያ ይለካል። ፍሬው በወንፊት በልኩ ይለያል። ቀማሹ በማንኪያ አፉን አርሶ፣ ተፍቶ፣ ቁጥር ይጽፋል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር፣ ዓለም ያደነቀው ቡናን ከእንሰትና ከዛፍ ጋር በልክ አስማምተው የኖሩ ሰዎችን ጥበብ ነው። ያን የተለካ፣ የተመዘነ፣ የተቀመሰ ቡና የሚሸከመው መኪና ግን በጆሮና በአውራ ጣት ይጠገናል። ቡናው 85 ሲያገኝ ካምቢዮው ስንት ያገኛል? እኔ ብቀምሰው 60 የምሰጠው ስንቱን መሰላችሁ።

ለዚህ ነው መግጠሚያ መሣሪያ ጎድሎናል ያልኩት። መዶሻ፣ ሽብልቅ፣ መፍቻ ሁሉም ጋራዥ አለው። ፕሬስ፣ ለሁለት የሚከፈለው ሳህን፣ ባለ ሰዓቱ መለኪያ፣ ቅጠል መለኪያው፣ ቶርኩ ግን በየጋራዡ መኖራቸው ግድ አይደለም፤ አንድ ጋራዥ በሳምንት ስንት ካምቢዮ ይገጥማል? በጋራ ሊገዙ ይችላሉ። ዕቁብ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ገንዘብ ለማግኘት ብቻ የምንጥለውን ዕቁብ አንድ ዙር መሣሪያ እናድርገው፤ የመጀመሪያው ዕጣ ፕሬስ ይሁን፤ ፕሬሱ መሐል ቦታ ያለው አንድ ጋራዥ ውስጥ ይቀመጥና ሌሎቻችን በየተራ እንጠቀምበት። ሁለተኛው ዕጣ መለኪያዎቹ ይሁኑ። የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች ደግሞ የመመሪያ ቁጥሮቹን ከየካምቢዮው ዓይነት ለይተው በአማርኛ ሠንጠረዥ ያውጡልን፤ ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን። ይህን እነሱ ከእኛ ይሻላሉ።

ለዕቁቡ የሚመዘገብ ደብተር በመውጫው በኩል ጠረጴዛ ላይ አለ። እኔ ስሜን ጽፌያለሁ። ከደብተሩ አጠገብ የራሴን ባለ ብዙ ቅጠል መለኪያና አንድ ያረጀ የአይሱዙ ሲንክሮ ከነማርሹ አስቀምጫለሁ፤ ሳትወጡ ቅጠሉን አስገብታችሁ ራሳችሁ ለኩት።